ዳገቱ ላይ የታሰሩት ፈረሶች

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ አዮ? የጄልዱ ብርድ ጉልበትሽ ላይ አልጠናም? በጎችሽስ ደህና ናቸው? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። መሠረተ ትምህርት ከተማርሽ ወዲህ ራስሽ ስለምታነቢ፣ የአጎቴ ልጅ ጉርሙም እጅ በእጅ ስለሚያደርስልሽ፣ ሳልሸፋፍን እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽ ዘንድሮ ኮርታለች! ያ የዘይት ቀለም ሥዕሌ እዚህ አምቦ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተሰቀለ። ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው ወይ ያለችው አክስቴ ሲንቄ መጥታ ትየው። የሳልኩት ዳገታችንን ነው፤ ጉሙን፣ ዝናብ የጠገበውን ገብስ፣ ከሁሉ በላይ ቤትሽን። ያየሁትን መተው አልችልበትምና እሁድ እሁድ አጥርሽ ሥር የሚታሰሩትን ፈረሶችም አንድ ሳላስቀር ሳልኳቸው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ምእመኑ አንቺ ቤት እንደሚሰበሰብ ቢታወቅ እንደሚያስሩሽ የገባኝ፣ ሥዕሉ የመሥሪያ ቤቱ ሥዕል መራጭ ኮሚቴ ፊት ከቆመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከኮሚቴው አንዱ የባኮ ሰው ጣቱን ቀስሮ፣ ይህ ሁሉ ፈረስ እዚያ ዳገት ላይ ምን ይሠራል፣ ስብሰባ ነው ወይ አለኝ። ምላሴ አልከዳኝም። የአጨዳ ደቦ ነው አልኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ ገብሱን አረንጓዴ አድርጌ መሳሌ ትዝ አለኝ! ያልደረሰ ገብስ ማን ያጭዳል?

የባኮው ሰው የበቆሎ አገር ሰው ነውና አልነቃብኝም። ሰብሳቢው ኦቦ ዲንሳ ግን የጄልዱ ተወላጅ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ገብሱን አዩ፣ እኔን አዩ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ አዎ ደቦ ነው፣ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚታጨደው፣ ከወንበሬ ጀርባ ስቀሉት አሉ። ጸሎት ቤታችንን ያሳሸጉት ሰዎች አሁን በየቀኑ የአንቺን ቤት እያዩ ይሰበሰባሉ። እንዴት አልኮራ?

በር ድረስ ሲሸኙኝ፣ ኦቦ ዲንሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ፣ በስንት ሰዓት ይጀመራል አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ነገርኳቸው።

ጌታ ደጅሽን ይጠብቅ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። እሁድ ካፖርቱን እስከ ጆሮው የቆለፈ እንግዳ በእግሩ ይመጣ ይሆናል። ስሙን አትጠይቂው። በር አጠገብም አታስቀምጪው፤ ከመሃላችሁ ይቀመጥ።

ሠዓሊዋ ልጅሽ