ባሌ ስለ መብራት ቁጠባ ሲናገር

እሑድ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጅሬን

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ ቤቱ ውርጭ ነው። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ጋር ቆጣሪያችን አንድ ነው፣ የመጣውን እኩል ነው የምንከፍለው። ስለዚህ ወጡ ሊደርስ ሲል የኤሌክትሪክ ምድጃውን እነቅላለሁ፤ የምድጃው ሸክላ በያዘው ሙቀት ይበስላል። ወጡ ሲወርድ ደግሞ ትኩሱ ሸክላ ላይ ጡብ አስቀምጣለሁ። ሲግል በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ አማቴ እግር ሥር አደርገዋለሁ። ባሌ ተሰማ ግን የእናቱ እግር በምን እንደሚሞቅ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ዛሬ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ምድጃው እንደተሰካ ነው፣ ሽቦው ደም መስሏል። ለስብሰባ የሚለብሰውን ካኪ አድርቆበት፣ ለብሶ፣ ሳይነቅል ሄዷል! አማቴ እዚያው አጠገቡ ተኝተዋል። ቤቱ ቢቃጠልስ?

ነቅዬ እየሮጥኩ ቀበሌ ደረስኩ። ልጮህበት ነበር። እሱ መድረክ ላይ ቆሟል።

«ጓዶች፣ መብራት የሕዝብ ሀብት ነው! ምድጃ ሰክቶ የሚረሳ ሰው የጎረቤቱን ኪስ ነው የሚያወልቀው!»

ጡቡን ይዤ በሄድኩ ኖሮ!

እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጠው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ወላሂ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ባል አላህ ነው የሰጠሽ» አሉኝ። እኩል የሚከፍሉት እሳቸው!

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቃጠል።