ከተራራው ማዶ የተመሠረተው መንደር

ኦክቶበር 12/1986፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ዛሬም አስተርጓሚ ነኝ። ሴንትራል ዲስትሪክት፣ የሰፈራችን ቤ/ክ ምድር ቤት። ሚስተር ዋረን፣ ሀብታሙ የእንጨት ነጋዴ፣ ከተራራው ማዶ መሬት ገዝተዋል። ከሱዳን ካምፕ የመጡትን አምስት ቤተሰቦች ሊያሰፍሩበት ነው። ገበሬ ከተማ ውስጥ ይበላሻል ባይ ናቸው። ደስ ያለው የለም። እምቢ ያለም የለም።

የጠየቁት ከሰፋሪዎቹ አቶ ለማ ብቻ። ሚስታቸው አለሚቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪም አለ ወይ አሉ። ሚስተር ዋረን፣ እናያለን አሉ። እኔ «አለ» አልኩ። የአቶ ለማ ፊት አሳዘነኝ። ሚስተር ዋረንም ሰዓታቸውን ያያሉ። ኦኬ፣ ደብተሬ፣ ላንቺ ነገርኩሽ።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ
ከሚስተር ዋረን ጋር ብርድ ልብስ ይዘን ወደ መንደሩ ሄድን። ምኑ መንደር ነው! አምስት ተጎታች ቤት፣ ነፋስ፣ በረዶ። ቧንቧው በብርድ ተደፍኖ በረዶ እያቀለጡ ይጠጣሉ። አለሚቱ እጄን ይዛ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ሚስተር ዋረን ምን አለች ሲሉኝ፣ ታመሰግናለች አልኩ።

እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ
ከቤ/ክ ኮል አደረጉልኝ። አለሚቱን ሐሙስ ምጥ ያዛት። መኪና የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። እሷም ሕፃኑም ሞቱ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ሆኖ መቃብሩን ሁለት ቀን ቆፈሩ።

ሥራ ገባሁ። ዴ ሞይን፣ የማጸዳበት ሆቴል። አልጋ አነጠፍኩ፣ አነጠፍኩ። እንባ እምቢ አለ።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ
የመንደሩ የምሥረታ ምሳ። ለጋሾች፣ አበባ፣ ጭብጨባ። አቶ ለማን የሰው ኮት አልብሰው ምስጋና እንዲያቀርቡ አስነሧቸው።

«ሐኪም አለ አላችሁኝ። ሚስቴንና ልጄን ቀበርኩ። የቀሩትን ሰዎች ከዚያ አውጡልኝ።»

ዋረን ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ፣ ሐኪም አለ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

አቶ ለማ አዩኝ። «አንቺ ነሽ?»
«አዎ፣ እኔ ነኝ።»
ኮቱን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት። ወጡ። ዋረን ስለ ጣፋጩ ማውራት ጀመረ።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ ጠዋት
እኅቴ ከምትኖርበት ከሾርላይን ቫኗን አመጣችልኝ። ለጎማው ሰንሰለት ገዛሁ። የማወጣው አራት ቤተሰብ ነው፣ ሶ ሁለት ዙር። የት እንደማሳድራቸው አላውቅም፤ ያለችኝ አንድ ክፍል ናት። ከሥራ ቀረሽ ብሎ ሆቴሉ ካባረረኝ ያባርረኝ።

አቶ ለማ ልኬባቸው መጥተው፣ አብረውኝ ሊሄዱ ታች ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ ቫኑ አዙረዋል። ወረድኩ።