የተሸፈነው ማለዳ

ጥቅምት 6
መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ጣሪያው ላይ ደረስሁ። ከተማው በተራሮቹ መካከል እንደ ድስት ተቀምጧል። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ክዳን አለው... ጉም ነው ይላሉ። ደጋ አይደል?

የዛሬው ቁጥር 23። ቁጥሩ ሲያንስ አየሩ ንጹሕ ነው። አደባባዩ ላይ ያለው ሰሌዳ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ከአየር መለኪያው ይወስዳል፤ ዛሬም አረንጓዴ በራ።

አየር መለኪያውን የተከለችው መሐንዲስ ስትሄድ «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው» ብላኝ ነበር። እጠብቃለሁ። ከጎናችን ያለው ዳቦ ቤት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምድጃውን ሲለኩስ ጢሱ በቀጥታ ወደ መሣሪያው አፍ ይመጣል። ስለዚህ በፕላስቲክ እሸፍነዋለሁ። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጢሱን ስታነሣው እገልጠዋለሁ። የዳቦ ቤት ጢስ የዳቦ ቤቱ ነው እንጂ የከተማው አየር አይደለም። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያሰብሁት። ከአራተኛ ክፍል ለወጣ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ጽፌ ለቢሯችን ኃላፊ አደረስሁ። «አንተ ከመጣህ ወዲህ ከተማው ጸዳ እኮ! እጅህ ገር ነው» አለኝ። ደረጃውን ስወርድ ብቻዬን ፈገግ እያልሁ ነበር።

ጥቅምት 8
አብሮኝ የሚኖረው የጋራዥ ሠራተኛ ነው። ጓደኞቹ «ጥላሸት» ይሉታል። ማታ ተናፍጦ መሀረቡን ዘረጋልኝ።
«አረንጓዴ ነው አልከኝ? እስቲ ይሄን ለካልኝ።»
ጥቁር።
«ያንተ አፍንጫ ጋራዥ ነው፤ ከተማውን ምን አገባው?» አልሁት።
እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 11
እናቴ ደወለች። የታናሽ እኅቴ አስም ብሶባታል። ሐኪሙ የቆላው አቧራ ደረቷን ጨርሶታል፣ ደጋ ውሰዷት ብሏል።
«የናንተ አገር አየር እንዴት ነው ልጄ?»
ማንን ልጠይቅ? የምለካው እኔ ነኝ።
«ንጹሕ ነው እማዬ። በቁጥር ነው የምነግርሽ።»
«እኔ ቁጥር ምን አውቅልሃለሁ? አንተን ግን አምናለሁ» አለችኝ።

ጥቅምት 19
እኅቴ ልትመጣ ስለ ሆነ ጥላሸት አልጋውን ለቀቀላት። እሱ ጋራዥ፣ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ይተኛል። «ሆቴል ገባሁ» ይላል።

ጥቅምት 22
እኅቴ ገባች። ከስታለች። ዐይኗ ግን ያው ነው፤ ይስቃል። አደባባዩ ላይ ሰሌዳውን አሳየኋት።
«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የምታበራው?»
«እኔ አላበራም። እለካለሁ።»
«ያው ነው» አለች። አፏን ከፍታ አየሩን እንደ ውኃ ጠጣችው።

ጥቅምት 27
ጠዋት ታስላለች። ሲረፍድ ይሻላታል። ብርዱ ይሆን? የአንገት ልብስ ገዛሁላት።

ጥቅምት 30
ቁጥሩ 21። እኅቴ ግን ደረጃ መውጣት አልቻለችም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። የምሠራበትን ጣሪያ ማየት ፈልጋ ነበር።

ኅዳር 3
ዛሬ ውኃ ልትቀዳ በማለዳ ወጣች። ጥላሸት ተሸክሟት መጣ። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አፏና አፍንጫዋ ላይ ጭንብል አድርጋ መድኃኒቱን በእንፋሎት ሰጠቻት።
«ማለዳ ማለዳ ለምን ታስወጧታላችሁ?»
«ሲስተር፣ ሰሌዳው አረንጓዴ ነው እኮ!»
«ሰሌዳውን ማን እንደሚሞላው አላውቅም፤ እኔ የማውቀው አግዳሚ ወንበሬን ነው። ከዐሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ድረስ በሚያፍናቸው ሰዎች ይሞላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።»
ከዐሥራ ሁለት እስከ አራት... ይህን ሰዓት የት ነው የማውቀው?
አወቅሁት። መሣሪያውን የምሸፍንበት ሰዓት ነው።

ኅዳር 4
አልሸፈንሁም። በሁለት ሰዓት 171። ዳቦ ቤቱ ምድጃውን ሳይለኩስ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም 150 ነበር። እንግዲህ የዳቦ ቤቱ ጢስ ብቻ አይደለም። ጉሙም ጉም አይደለም።
ሰሌዳው ቀይ ሆነ። ከላይ ሆኜ አየሁ፤ አንዲት እናት ቀና ብላ አየችው፣ የልጇን አፍ በነጠላዋ ሸፍና ወደ መጣችበት ተመለሰች። አንዲት እናት ብቻ ናት። ግን ስንት ማለዳ ነው እንዲህ ሳትመለስ የቀረችው? በእኔ ምክንያት?
ኃላፊው እያለከለከ ወጣ።
«ምን ሆነ? ማሽኑ አበደ እንዴ?»
ሁሉንም ነገርሁት። መሸፈኔን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ እኅቴን። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻል ነበር።
«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»
«አልተናገርሁም።»
«ጎበዝ። በል ሸፍነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ልማድህን አትተው። ዕቃው ውድ ነው።»
«ጌታዬ፣ ሰው ግን...»
«ሰውን የሚጠብቅ ሌላ ቢሮ አለ። አንተ ዕቃ ጠብቅ።»
ሸፈንሁ። እጄ ነው የሸፈነው፤ እጄ ገር ነው አይደል?

ኅዳር 5
ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። «መሣሪያው ከጉዳት እንዲጠበቅ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ይሸፈን።» የእኔ ስሕተት መመሪያ ሆነ። እምቢ ብል? ነገ ሌላ ሰው ይሸፍነዋል። የእኅቴን መድኃኒትስ በምን እገዛለሁ? ...ይህ ምክንያት ነው ወይስ ፍርሃት? አላውቅም። ሁለቱም አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።

ኅዳር 9
እኅቴ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። አየሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»
ነገርኋት። ሳቀች፤ ሳቁም ሳል ሆነ።
«ያን ፕላስቲክ እኔን ብትሸፍንበት ይሻል ነበር።»
ጥላሸት በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

ኅዳር 13
ሸኘኋት። «ቆላው አቧራ ነው፤ አቧራው ግን ቢያንስ ይታያል» አለችኝ። ስትመለስ ለእናታችን ምን እንደምትነግራት አልጠየቅኋትም። አውቶቡሱ ሲነሣ ከኋላው ጥቁር ጢስ ለቀቀብን። ጥላሸት «የኛ ጋራዥ ነው የጠገነው» አለ። አልሳቅንም።

ኅዳር 14
እናቴ ደወለች። አላነሣሁም።

ኅዳር 15
አነሣሁ። «በሰላም ገብታለች» አለች። ቆይታ፣ «ስንት ነው ዛሬ ቁጥሩ?» አለችኝ። ቁጥር አላውቅም ብላኝ የነበረች እናቴ። መስመሩ የተቋረጠ ይመስል ስልኩን ዘጋሁት።

ኅዳር 17
ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ከመሸፈኔ በፊት አነበብሁ፤ 168። በቁራጭ ወረቀት ጻፍሁት። ከዚያ ሸፈንሁ። በሁለት ሰዓት 22። ኃላፊው ፈረመ።
ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። አግዳሚው ሞልቷል። «የዛሬው ማለዳ አየር ነው» ብዬ ወረቀቱን ለነርሷ ሰጠኋት። አየችው፤ ወንበሩን አየችው፤ እኔን አየችኝ።
«ከየት አመጣኸው?»
«ከማሽኑ።»
«ሰሌዳው እንዲህ አይልም።»
«ሰሌዳው የሚናገረው የፕላስቲኩን ውስጥ ነው።»
ፕላስተር ቆርጣ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈችው። ተሰልፈው የነበሩት አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።
«ነገም ታመጣለህ?»
«እስኪያባርሩኝ ድረስ።»
«ለመሆኑ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»
«እለካለሁ» ልላት ነበር።
«አየር እሸፍናለሁ» አልኋት።