አውራ ጣት የለመደው

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? ሥራሽስ? እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። እናትሽ ስለ እግሬ በስልክ ከነገረችሽ ግማሹን ቀንሺው፤ እንደምታውቂያት ጠብታውን ጎርፍ አድርጋ ማውራት ትወዳለች። በቀረው ግማሽም አትጨነቂ።

ልጄ ሆይ፣ እኔ በልጅነቴ መምህሬ በአርጩሜ እየገረፉ ሲያስተምሩኝ አላለቀስሁም። አባቴን በቀበርሁበት ዕለት ተረኛ ነበርሁና ዘብ ቆሜአለሁ። የመንጋጋ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ተነቅዬ ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ላይ ተገኝቻለሁ። በሚያፈስ ጫማ ስንት ክረምት አሳልፌአለሁ። ሽጉጥ አያያዝ እኔው ያስተማርኋቸው ሰዎች በማዕረግ ሲያልፉኝ ቀድሜ እጄን አንሥቼ ሰላምታ ሰጥቻለሁ። በአንዱም ቀን አማርሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የተሸከምሁ ሰው አንዲት አጭር ጥያቄሽን መመለስ ከበደኝ። የጠየቅሽኝ ግልጽ ነበር፤ ለጣቢያችን ፖሊሶች አዲሱን ሽጉጥ ለማስተማር ከምታስተምሪበት የፖሊስ ማሠልጠኛ ልትላኪ ታስበሻልና፣ የተኩስ ሜዳው ኃላፊ እኔ ስለሆንሁ እሺ እንድልሽ ነው። አዛዡም «ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንንም አላስገባም፤ ክብርዎን አልነካም» ብሎኛል። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። መልሱን እየጀመርሁ ስንት ወረቀት ቀደድሁ።

የሽጉጦቹ ርክክብ የተደረገ ቀን በግምጃ ቤቱ መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። «አይወጣም» የምንለውን የግምጃ ቤት ኃላፊ ታስታውሽዋለሽ፤ መወልወያ ጨርቅ እንኳ ሲጠየቅ መልሱ አይወጣም ነው። የዚያን ቀን ግን አሮጌዎቹን እየተቀበለ አዳዲሶቹን ከነሣጥናቸው ሲያድል በላብ ተጠምቆ ነበር። ወፍራሙ ሳጅን አዲሷን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይቺማ ፕላስቲክ ናት! ቤት ብወስዳት ልጄ ውኃ ሞልታ ትረጨኛለች» ቢል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊውም ቀበል አድርጎ፣ «አንተን ለማርጠብ በርሜል ነው የሚያስፈልገው፤ ፈርምና ዞር በልልኝ» አለው። እኔ አልሳቅሁም። አሮጌዋን ሽጉጤን በመስኮቱ ሳቀብል ብረቷ ከመዳፌ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

የሁለቱን ልዩነት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አሮጌዋ ከጎኗ መቆለፊያ አላት፤ በአውራ ጣት ሽቅብ ሲገፉት ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃታዋ ቢነካም አትተኩስም። አዲሷ ከጎኗ ምንም የላትም፤ የሚጠብቃት ከቃታው የራቀ ጣት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስንቱን ፖሊስ «ዓይንህ ከፊትህ፣ አውራ ጣትህ ከመቆለፊያው» እያልሁ፣ ሽጉጡን ሳያይ በፍጥነት ወደ ወገቡ አፎት እንዲመልስ አስተማርሁ። አንቺንም ጓሯችን ውስጥ በእንጨት ሽጉጥ ያስተማርሁሽ ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ስትመጪ፣ አዲሱ አመላለስ ቆም ብሎ፣ ጣትን በሽጉጡ ጎን ቀጥ አድርጎ፣ አፎቱን እያዩ ቀስ ብሎ መክተት ነው ብለሽ አሳየሽኝ። እኔም በባልደረቦቼ ፊት «ይህማ ቦርሳ መዝጋት ነው» ብዬ አሳቅሁብሽ። አንቺ ሳትቆጪ፣ «አባዬ፣ የሚያስቸኩለው ማውጣቱ ነው፤ ስንመልስ ማን ያሳድደናል?» አልሽኝ። እኔም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርሁ።

ከርክክቡ በኋላ በተኩስ ሜዳው የሆነውን ልንገርሽ። አንድ አዛውንት መምህር፣ ማንነቱን መጥቀስ አያስፈልግም፣ «መሣሪያ ቢለወጥ ሥርዓት አይለወጥም» ብሎ ለተሰለፉት ሊያሳያቸው ወጣ። ኢላማውን መሐሉን መታ። ሊመልሳት ሲል አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ሽቅብ ሄደ። የሚገፋው ነገር አልነበረም፤ እጁ ግን የቆለፈ መሰለው። ዓይኑ ከፊቱ አልተነቀለም፤ ሌላው ጣቱም ከቃታው አልወጣም። ወደ አፎቱ ሲከታት ተኮሰች። ጥይቷ የጫማውን ጠርዝ ቀድዳ፣ የትንሿን የእግሩን ጣት ቆዳ ልጣ መሬት ገባች። ከዚህ የከፋ ነገር አልደረሰም።

ልጄ፣ ማንም አልሳቀም። በለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማያጣው ያ ሳጅን ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «አይወጣም» ማንም ሳይጠይቀው አዲስ ፋሻ ይዞ እየሮጠ መጣ። ቢስቁ ይሻል ነበር። ተማሪ የሚያዝንለት መምህር ምን መምህር ነው? ብሎ ያስባል፣ ያ አዛውንት።

በማግሥቱ ወንበር አስወጥቼ ከሜዳው ዳር ተቀመጥሁ፤ ያለ ጥይት እንዲለማመዱ አዝዤም እጅ እጃቸውን አየሁ። ከትምህርቴ ምንም ያልያዙት ሰነፎች አዲሷን እንደ አዲስ ያዟት፤ አንዳች አልሆኑም። የምኮራባቸው፣ ነገሬን ሁሉ እንደ ጸሎት የያዙት ግን አውራ ጣታቸው ወደ ባዶው ቦታ ይወጣል፤ ሌላው ጣታቸው ቃታው ውስጥ ይቀራል። የራሴን እጅ በየሰዉ ላይ አየሁት። ከእነዚህ አንዱ ነገ ሰው በሚተራመስበት አውቶቡስ ተራ መካከል ሽጉጡን ሲመልስ የራሱን ጭን ወይም የሰው ልጅ ቢመታ፣ ጥፋቱ የማን ነው? «ቀስ በሉ» ብዬ ጮኽሁ። አንገታቸውን ነቀነቁልኝና መልሰው ያንኑ አደረጉ። ቃሌን ይሰማሉ፤ የሚከተሉት ግን ድሮ ያዩትን እጄን ነው። እጄ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ትእዛዜን አይቀበልም።

ዛሬ ጠዋት ወደ አዛዡ ገብቼ ፈቃዴን ነገርሁት። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?» ቢለኝ፣ «እርግጠኛ ሳልሆን አፌን ከፍቼ አውቃለሁን?» አልሁት፤ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ትእዛዙ ይደርስሻል።

ስትመጪ፣ የአባቷ ልጅ ናት ብለው እንዳይዳፈሩሽ የመጀመሪያውን ቀን ቀልድ አትፍቀጂ። ከዚያ በኋላ ሳጅኑን አትከልክዪው፤ ካልቀለደ እጁ ይደርቃል። የቀድሞው ትምህርት ስሕተት ነበር ብለሽም አትንገሪያቸው፤ ለአሮጌዋ ትክክል ነበር፤ ይህን ከማንም ጋር እከራከራለሁ። በሰልፉ ጫፍ ከዘራ የያዘ አንድ አዛውንት ታገኛለሽ። ዕድሜውን አክብረሽ አትለፊው። ጣቱን ከቃታው እስኪያወጣ ድረስ እንደ ሌሎቹ ደጋግመሽ አሠሪው።

ፈጣሪ እጅሽን ያጽናልሽ። ያስተማርሻቸው ሁሉ ማታ ማታ ወደ ልጆቻቸው በደህና ይግቡ። ቃልሽ ይሰማ፤ የወለድሽው ይባረክ።

እንግዲህ የማስረክበውን በግልጽ ልጻፈው። የተኩስ ሜዳውን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ፊሽካውን፣ ተማሪዎቼንም ከነጎበዞቻቸው ከነሰነፎቻቸው፣ «የሜዳው ኃላፊ» የሚለውንም ስም፣ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ለአንቺ ለሴት ልጄ አስረክቤአለሁ።

አባትሽ