የአባትሽ ጭብጨባ

ልጄ ፅዮናዊት፣ በሄድሽበት ሁሉ እመብርሃን ከለላ ትሁንሽ። እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ 3 ሙቀቱ በርትቷል፤ አንቺ ግን እዚያ ብርድ አገር ካፖርትሽን ሳትደርቢ እንዳትወጪ።

አባትሽ ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ትናንት ያንን የጃዝ ካሴቱን ከፈትኩለት፤ ሦስት ሰዎች ፒያኖ፣ ባስና ድራም መድረክ ላይ የተጫወቱትን። አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ሰምተነው እስካሁን አልጠገብነውም። ታዳሚው ሲያጨበጭብ የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ማጨብጨብ ደንባችን አይደል? እዚያ ቦታ ሲደርስ አባትሽ ግራ እጁን አነሳና ግራ ገባው። ጎረቤታችን ሀጀራ ቶሎ ብላ መዳፏን ዘረጋችለት። እየሳቀ እሷ መዳፍ ላይ አጨበጨበ! ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነው።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለፋሲካ ብትመጪ ምን አለ? ሀጀራስ መዳፏን አትነፍገውም፤ እሱ ግን ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር በር በሩን ያያል።

እናትሽ አበዛሽ