ከመታጠፊያው በላይ የተጻፈው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትሠሪበት ቤት ዛሬም ከጠዋት እስከ ማታ በእግርሽ ያቆምሽ ይሆን? አብራሽ የምታድረው ጓደኛሽስ ሳሏ ለቀቃት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእናታችን ጉልበት እንደ ልማዱ አንድ ቀን እሺ፣ አንድ ቀን እምቢ ይላቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ልጅሽ ደህና ናት። እኔም የሰው ፀጉር ስከረክም የራሴ ሳስቶ አለቀ እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም።

ባለፈው በስልክ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሺም። እንግዲህ ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋምና ጻፍኩልሽ። ሻንጣሽን ከማንሣትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ልጅሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረችው ምድር ቤት ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበሯ ግቢውን እንደ ልቧ ትዞረው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ግን ፎቅ ላይ ነው፤ ፎቁም ከደረጃ በቀር መውጫ የለውም። ደረጃው መሐል ላይ ይታጠፋል። ርዕሰ መምህሩ አምና የአገሪቱን የትምህርት መርሆች በየደረጃው ፊት ላይ አንድ አንድ እያደረጉ በሰማያዊ ቀለም አስጽፈውበታል፤ ልጆቹ ሲወጡ እያነበቡ እንዲወጡ ብለው። ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ራሴ አመስግኛቸው ነበር። ልጅሽ ከታች የሚታዩትን በቃሏ ይዛቸዋለች። ትምህርት የሁሉም ዜጋ መብት ነው የሚል አለ፤ ተማሪ ይጠይቅ፣ መምህርም ይስማ የሚልም አለ። ይቺኛዋን እኔ ላይ ሳይቀር ትጠቅሳታለች። ከመታጠፊያው በላይ ያሉት ግን ከታች አይታዩም።

ትምህርት ሲከፈት እያዘልኩ አወጣትና አወርዳት ጀመር። ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ነው የምሄደው፤ ግማሽ ጢሙን ላጭቼ መጣሁ ብዬ የተውኩት ሰው እስከ ዛሬ እንዳኮረፈኝ ነው። እሱ ግድ የለም። አንድ ጠዋት ግን እናታችን ወደ ጓሮ ጠሩኝና ይህቺ ልጅ ውሃ መጠጣት ትታለች አሉኝ። ብጠይቃት፣ መጸዳጃው ታች ነው፣ አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ማንን ላስቸግር? አለችኝ። እትዬ፣ ውሃ እየጠማት ስትማር ሰንብታ እኔ ጉብዝናዬን ሳወራ ነበር የከረምኩት።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን አዝያት ስወጣ ቀሚሷ ተሰብስቦ ኖሮ ከታች የቆሙ ወንዶች ልጆች ሳቁ። ዞሬ ልጮህባቸው ስል አንገቴን ጠበቅ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። ቤት እንደገባን፣ ሁለተኛ አልታዘልም አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው። ልክ ነበረች፤ ምን ብዬ ልከራከራት?

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሳትጽፍ እንዳትቀር ብላ ያዘዘችኝ ልጅሽ ራሷ ናት። ክፍሏ ምድር ቤት ይሁንልን ብለን ብንሄድ፣ ምድር ቤት ትርፍ ክፍል የለኝም፤ አዲሱ ሕንጻ እስኪሠራ ስድስተኛን ትድገም፣ አለዚያ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መሸኛ ልጻፍላት አሉን።  እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። ፈተናውን አልፌዋለሁ፣ ያለፍኩትን ለምን እደግማለሁ? ብላ ጠየቀቻቸው።  ክፍል ግን አልተገኘም፤ መሸኛው ይጻፍልኝ አለች። አንቺ ዘንድ የደወልኩት የዚያን ቀን ነው።

መሸኛውን ልንቀበል የሄድን ዕለት ጸሐፊዋ ማኅተም እስክትመታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። ልጅሽ ደረጃውን ስታይ ቆየችና፣ አንዴ ብቻ እዘለኝ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ምን እንደተጻፈ ሳላይ አልሄድም አለችኝ። ለካስ ያን ሁሉ ሰሞን በጀርባዬ ላይ ሆና ስትወጣ ከእፍረት የተነሣ ዓይኗን ጨፍና ኖሯል። እኔም የምረግጠውን እንጂ የተጻፈውን መቼ አይቼ። አወጣኋትና መታጠፊያው ላይ አስቀመጥኳት። ከፊት ለፊቷ፣ ሽቅብ በሚቀጥለው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ፣ ማንም ልጅ በፆታው፣ በኑሮው ወይም በአካሉ ጉዳት ምክንያት ከትምህርት ገበታ አይለይም ይላል።

 ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዘው እኛን ፍለጋ ወደ ላይ መጡ። ልጅሽ በጣቷ ጽሑፉን አሳየቻቸውና፣ ይኼ የእኛ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የሌላ? አለቻቸው። ለማሽሟጠጥ እንዳይመስልሽ፤ የምር ነበር የጠየቀችው። ሰውየው መነጽራቸውን አወጡ፣ የማያውቁት ነገር ይመስል አነበቡት፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው አጠገቧ ቁጭ አሉ። የመረጥኩት እኔ፣ የሚጻፍበትን ቦታ ያሳየሁትም እኔ፤ የሚወጡትን ልጆች ብቻ ነበር የማስበው አሉ።  ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው።

በዚያው ሳምንት የመምህራን ማረፊያው ፎቅ ወጣ፤ ሰባተኛ ክፍል ምድር ቤት ወረደ። ያንን የሚያህል ሰፊ ክፍል ሻይ ይጠጣበት እንደነበር ማን ልብ ብሎ! መምህራኑ ሁሉ በደስታ ተቀበሉት ብልሽ ውሸት ይሆናል። የሒሳብ መምህርቷ የመጀመሪያውን ወንበር ራሳቸው ተሸክመው አወረዱ። የስፖርት መምህሩ ግን ለሻይ ፎቅ መውጣት ሰለቸኝ ብሎ የእኔው የፀጉር ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያማርር፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳደረግኩ ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወሬው ስለ ኳስ ብቻ ሆኗል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አላታልልሽም። የቤተ ሙከራው ክፍል አሁንም ፎቅ ነው፤ በእሱ ላይ ገና እንነጋገራለን። ልጅሽ ግን እየተማረች ነው። ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ፤ ስልክሽንም አንሺ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ርዕሰ መምህሩ ያቺን ጽሑፍ ከመታጠፊያው አጥፍቶ ታች፣ ልጅሽ እያየቻት በምታልፍበት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዲጽፋት ቀለም ቀቢውን ጠርተው ነበር። እሷን ደስ ለማሰኘት ነው። ልጅሽ ሰማችና አይሆንም፣ እዚያው ትሁን አለች። እኔ አውቃታለሁ፤ ማንበብ ያለባቸው የሚወጡት ናቸው አለቻቸው። ሰውየው ቀለም ቀቢውን መለሱት።

ጓደኛሽን እግዜር ይማርሽ በይልኝ። ባለቤቴ በጣም ትናፍቂኛለሽ ትልሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ የልጅቷን ቀሚስ ረዘም አድርጌ ሰፍቻለሁ በልልኝ ብሎኛል። ልጅሽ ለብቻዋ ትጽፍልሻለች፤ እኔ የጻፍኩትን ካነበበች በኋላ ታርመዋለች መሰለኝ። እናታችን ግንባርሽን ስመው፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ ይቺን ብቻ ጻፍላት ብለውኛል፦ ዛሬ ጠዋት ውሃዋን ጠጥታ ሄደች።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ደንበኛ እስኪመጣ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን