ለሽንኩርት ነው ብዬ የገዛሁት ቢላዋ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ካንቺ ከተለየሁ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ ስዋሽሽ ሁልጊዜ ታውቂብኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ደህና የሆነውን ልንገርሽ።

ልጄ ሕሊና አንደኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፤ አትቆጪ፣ በመጨረሻው ጊዜ አንቺም የፊት ጥርስ አልነበረሽም። ጉራራ የነበረው ቤታችን ፈርሷል። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። የልጄ አባት እንደምታውቂው ነው፤ ማለትም የለም። ሥራዬ ያው ክሊኒኩ ነው፣ ካርድ ክፍል። በሽተኛ ከመምጣቱ በፊት በሩን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ገና ሳይነጋ ከቤት እወጣለሁ። ሕሊናን ጎረቤታችን ከልጆቿ ጋር ትምህርት ቤት ታደርስልኛለች።

ደህና ያልሆነው መንገዱ ነው። ከብሎካችን እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ግንባታው የቆመ ሜዳ አለ። በአንድ በኩል የቆርቆሮ አጥር ነው፣ በሌላ በኩል ገደል። ሌላ መንገድ የለም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ አንገቴን አንቆ ፊቴን ከቆርቆሮው ጋር አጣበቀው። ስልኬን ወሰደ። ፊቱን አላየሁትም። ሊሄድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ነገም በዚሁ ነው የምታልፊው» አለኝ። ስልኩን ረስቼዋለሁ። ይቺን ቃል ግን መርሳት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሰውየው እውነቱን ነው። በማግስቱም በዚያው አለፍኩ።

የብሎካችን ሰው ምክር አላጣም። አንዷ ሥራ ቀይሪ አለችኝ፣ ሥራ መንገድ ላይ ወድቆ የሚለቀም ይመስል። አንዱ ቤት ቀይሪ አለኝ። ሌላው በኮንትራት ታክሲ ሂጂ አለ፤ ደሞዜን ቢያውቅ ኖሮ አብሮኝ ያለቅስ ነበር። ባል አግቢ ያለችም አልጠፋችም። ሁሉንም ሰምቼ፣ አመስግኜ፣ ጠዋት ተነስቼ እዚያው ሜዳ ጫፍ እቆማለሁ። እግሬ አልሄድም ይለኛል፣ ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቀኝም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወርጄ ቢላዋ መምረጥ ጀመርኩ። ሻጩ መጀመሪያ ሰንጢ አሳየኝ፤ የሚታጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ። ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ እጄ ምሳ ዕቃ መያዙን አሰብኩና መለስኩለት። ቀጥሎ በሬ የሚታረድበትን የሚያህል ካራ አወጣ። እሱን ይዤ ታክሲ ብገባ የሚፈራው ሌባው ሳይሆን ረዳቱ ነው። ትንሽ፣ የማይታጠፍ፣ አፎት ያለው ስጠኝ አልኩት። «ለምንድነው እህቴ?» አለኝ። ለሽንኩርት አልኩት። «ለሽንኩርት ዓይኑን ጨፍኖ ቢላዋ የሚመርጥ ሰው ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳቀብኝ። እውነትም ዓይኔን ጨፍኜ እጀታ እጀታውን እየጨበጥኩ ነበር። ያንቺን ነበር የምፈልገው።

እንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ልትሰበስቢ ስትወጪ መቀነትሽ ውስጥ የምትሸጉጪውን፣ ለሸክምሽ ማሰሪያ ልጥ የምትልጪበትን፣ የቀንድ እጀታ ያለውን። ከመዳፍሽ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ስለቱም ከመሳል ብዛት ሳስቷል። ሕሊናን ስወልድ ትራሴ ሥር ያደረግሽው እሱን ነው። አራስ ባዶ እጇን ከቤት አትወጣም ብለሽ፣ ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ አስጨብጠሽ ትልኪኝ ነበር። ክሊኒክ የምሠራ ሴትዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ቢላዋ ይዤ ሽንት ቤት! የግቢው ሰው ግን አንድም አልሳቀም፤ አራስ መሆኔን ያውቃሉ፣ ገለል ብለው ያሳልፉኛል። ጂኒ ቢላዋ ይፈራል ወይ ብዬ ሳሾፍብሽ፣ «ጂኒው የሚፈራውን እሱ ያውቃል፣ እኔ አንቺ እንዳትፈሪ ነው» አልሽኝ። ያ ቢላዋ ቤቱ ሲፈርስ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንደጠፋ አላውቅም።

የመረጥኩት ያንቺን አይመስልም። እጀታው እንጨት ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንዳያሟልጭ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። አፎቱ ሰፊ ስለሆነበት ከአሮጌው የእጅ ቦርሳሽ ቆዳ ቆርጬ ሌላ ሰፋሁለት። ይቅር በይኝ፣ ቦርሳው ለሌላ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ፍተሻው መጣ። ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ በር ላይ በየቀኑ እንፈተሻለን፣ ቢላዋ ቢገኝብኝ ሥራዬ አለቀለት። ሜዳውን ያለ እሱ አላልፍም፣ በሩን ከእሱ ጋር አልገባም። መላ የዘየዱልኝ ታክሲ መያዣው ጋ ጠዋት ሻይ፣ ቀን ደግሞ አትክልት የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። ጠዋት እሰጣቸዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጎመን ሲከትፉበት ይውላሉ፣ ስመለስ ጠርገው በአፎቱ ይመልሱልኛል። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ቢላዋ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» ይሉኛል። እኔም ሙያው ለጎመን ብቻ ይሁን እላለሁ በልቤ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጉም ነበር። ሜዳው መሀል ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስፈጥን ፈጠነ። ዞር ስል ቢላዋው እጄ ላይ ነው፣ መቼ እንደመዘዝኩት አላውቅም። ሰውየው የተሸከመውን አካፋ ጥሎ፣ ጀርባውን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ፣ ሁለት እጁን አነሳ። «በእናትሽ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ፤ ብቻዬን ፈርቼ ነው ልደርስብሽ የሮጥኩት» አለኝ።

በእናትሽ አለኝ፣ እማዬ። ያኔ እኔ የተጣበቅኩበት ቆርቆሮ ላይ ነበር የተጣበቀው። በጣም አፈርኩ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን እጄ አለመንቀጥቀጡ ነው። ይቅርታ ሳልለው አካፋውን አንስቶ በሩጫ ሄደ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሜዳው ጫፍ ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ እኔ እስካልፍ ይጠብቃል። አብረን ብንሄድ ሁለታችንም ባልፈራን ነበር።

እሁድ ሙት ዓመትሽ ነበር። ወዳንቺ የሚያወጣው የባሕር ዛፍ ዳገት ጭር ስለሚል ቢላዋውን ይዤ ወጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ። ደግነቱ መቃብርሽ ከበሩ በፊት ነው። ራስጌሽ ካለው ድንጋይ ሥር ሸጎጥኩትና እማዬ ያዥልኝ ብዬ ገባሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ባዶ እጄን ቆምኩ፣ አልፈራሁምም። ስመለስ እዚያው ካንቺ ጋር ልተወው ብዬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ብዙም ሳልርቅ ያ ሜዳ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ተመልሼ ከድንጋዩ ሥር አወጣሁት።

አልረሳሽም። በየዓመቱ እወጣለሁ፣ ጉልበቷ ሲጠና ሕሊናንም አመጣልሻለሁ። አንቺ እዚያ ከሆንሽ፣ ለእሷ ባዶ እጇን የምትሄድበት መንገድ ለምኚላት። እኔ አሁን ልተኛ፤ ነገም በዚሁ ነው የማልፈው።

ልጅሽ